አርባ ቡናማ ጠርሙሶች

መድኃኒት ቀማሚው የሳል ሽሮፑን እንደ ጨለጠ ወንበሩ ላይ ደርቆ ተገኘ። ብዙ ሰው አላለቀሰለትም፤ በሕይወት ሳለ ምላሱ ራሷ መርዝ ነበረች።

መርማሪዋ ሬሳውን ትታ መደርደሪያውን አየች። አርባ ቡናማ ጠርሙሶች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ስማቸው በላቲን ብቻ የተጻፈ። ዛሬ የትም አገር እናት ለልጇ የማታወራውን የሞተ ቋንቋ፣ ሟቹ ዘበኛ አድርጎ አቁሞታል፤ ማንም እንዳይነካበት። ከመርዞቹ አንዱ ጎድሏል። ሌላ የተነካ የለም።

«ላቲን የምታውቀው ልጁ ብቻ ናት፤ ራሱ ነው ያስተማራት» አለ ፖሊሱ፤ ልጅቷን በካቴና አስሯታል።

«ለእኔማ ፊደሉ ሁሉ የዝንብ እግር ነው» አለች ሚስት፣ እንባዋን እየጠረገች።

መርማሪዋ ግድግዳውን ነካች፤ ጣቷ ነጣ። «ኖራው መቼ ተቀባ?»

«ማክሰኞ» አለ ዓይነ ስውሩ የሟች ወንድም። «ቀቢው ጠርሙሶቹን እያንኳኳ ወለል ላይ ቆልሏቸው ሄደ። ወንድሜ እስከ ዓርብ በትኩሳት ከአልጋ አልወረደም።»

«ማን መለሳቸው?»

«አባዬ መስሎኝ» አለች ልጅቷ። «ሐሙስ ከፈተና ስመለስ በቦታቸው ነበሩ። የሳሉ ከሳል፣ የቁርጠቱ ከቁርጠት፣ መርዙ ከላይ። አንድም አልተዛባም።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሬሳው ባለበት ክፍል ሰበሰበች።

«ሟች አልጋ ላይ፣ ልጅቷ ፈተና ላይ ነበሩ። አጎቷ አያዩም። አንድ መልክ ያላቸውን አርባ ጠርሙሶች እንደ ሥራቸው የደረደረ ሰው፣ ስማቸውን ከነትርጉሙ ያውቃል። ልጅቷ ማወቋን አልደበቀችም። የደበቀ አንድ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ሚስት ዞረች። «ቤት ተዝረክርኮ ማየት አልቻሉም፤ አይደል?»

ሚስት እንባዋ ደረቀ።

«አንድ ቀን አስተምረኝ አልኩት። እንግዳ ፊት ‹አህያ ማር አይጥማትም› ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት፣ እሷን ሲያስተምር እኔ ከበሩ ውጭ ወለል እየወለወልኩ ሰማሁ፤ ፊደሉን ከደብተሯ ተማርኩ። ሲሞት አጠገቡ ቆሜ የጠጣውን በላቲን ነገርኩት። ገባው።»

«እኔስ እማዬ?» ልጅቷ የታሰሩ እጆቿን ዘረጋች። «እኔን ሲያስሩኝ ለምን ዝም አልሽ?»

እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየቻት።

«እሱ እንኳ ሲያስተምርሽ በሩን ክፍት ይተወው ነበር። እየተነሳሽ የምትዘጊው አንቺ ነበርሽ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከልጅ ፈትቶ እናትን አሰረበት።