የታጠበው ፍሬን

«ቧንቧውን ቆርጠህ ባሌን ገደልከው፤ ደሞ ደፍረህ ግቢዬ ትቆማለህ?»

«ሚስ ኦዳሊ፣ እኔ ብቆርጠው ኖሮ እንዲህ በጉጠት አኝኬ አልቆርጠውም ነበር። ሥራዬን ያውቁታል።»

«ሥራህንማ አየነው። ኦቪድ ሬሳ ቤት ተኝቷል።»

አልሲድ የፍሬን መካኒክ ነው። እጁ በካቴና ታስሯል፣ ሸሚዙ የእስር ቤት ፍራሽ ይሸታል። ትናንት የኦቪድ መኪና ከቦዩ ስትጎተት፣ የኦቪድ አማች ዌይድ ሰው ሁሉ ፊት «ነፍሰ ገዳይ» ብሎት ነበር። አልሲድም በቡጢ አፍንጫውን አጣመመለት። ለዚህ ታሰረ። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ባሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ጠዋት ኦቪድ የአባቱን የሽሪምፕ ጀልባ በባለሁለት አክሰሉ ተሳቢ ጭኖ ቴክሳስ ላለ ገዢ ሊያስረክብ ወጣ። የቦዩ ድልድይ ጋ ሲደርስ፣ ድልድዩ መርከብ ሊያሳልፍ ወደ ላይ ተከፍቷል። ፍሬን ረገጠ፤ መኪናው ያዘ፣ ተሳቢው አልያዘም። ያ ሁሉ ክብደት ከኋላ ገፍቶ ከነመኪናው ጨው ውሃ ውስጥ ከተተው። ጀልባዋ ምን ገዷት፣ ማሰሪያዋን በጥሳ ተንሳፈፈች። ተሳቢውንም ጀልባዋንም ጎትተው አውጥተው ኦዳሊ ግቢ አቆሟቸው። ዛሬ ጠዋት ዌይድ ከሥር ሲያይ፣ አልሲድ ባለፈው ሳምንት የገጠመው የፍሬን ቧንቧ ተቆርጧል። ቅዳሜ ደግሞ አልሲድና ኦቪድ ክሬይፊሽ እየበሉ በዚሁ ሥራ ተሰዳድበው ነበር። የሉዊዚያና ዳርቻ ሰው ከዚህ በላይ ማስረጃ አይፈልግም።

መርማሪዋ ዜልማ ፎንትኖ ግን በጀርባዋ ተሳቢው ሥር ገብታለች፤ የሚታየው የጎማ ጫማዋ ብቻ ነው።

«አልሲድ» አለች ከሥር፣ «የፍሬን ዘይት ውሃ ሲገባበት ምን ይመስላል?»

«ወተት ይመስላል።»

ወጣች። ጣቷ ላይ ያለው ዘይት ማር ይመስላል። በአልሲድ ሸሚዝ ጠረገችው።

«ትናንት ተሳቢውን ወደ ኋላ ነድቶ ጀልባዋ ሥር ያስገባው ማን ነው?»

«እኔን እንዳታዪኝ» አለ ዌይድ በታሸገ አፍንጫው። «እኔ ወደ ኋላ ስነዳ የጎረቤት አጥር ነው የምወስደው።»

«የኦቪድ አንገት አይዞርም» አለች ኦዳሊ። «ሁሌም የሚያስገባለት ወንድሙ ነው።»

ወንድምየው ቴዮፊል የሸርጣን ወጥመድ ገልብጦ ተቀምጦበታል። «አስገብቻለሁ። ማገጃዋንም ነቅዬ አንጠልጥያታለሁ፤ ቀይ ጨርቋን ኦቪድ ራሱ አይቶ ነው የወጣው። ከዚያ ወዲህ ያን ተሳቢ በእጄ አልነካሁትም።»

የዚህ ዓይነት ተሳቢ ፍሬን የሚይዘው ራሱ ነው። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ተሳቢው ወደ ፊት ይገፋል፤ መኪናው ላይ የሚያያዝበት ጭንቅላት ይንሸራተትና ዘይቱን ወደ አራቱ ጎማ ይጫነዋል። ችግሩ ወደ ኋላ ሲነዳም ይይዛል። ስለዚህ ጭንቅላቱ እንዳይንሸራተት ማገጃ ብረት ይሰኩበታል። ሳይነቅሏት አስፋልት የወጡ እንደሆነ ፍሬን የለም። እንዳይረሳ ነው ቀይ ጨርቅ የሚያስሩባት፤ ጨርቋ ተንጠልጥላ ካየህ፣ መንገዱ ያንተ ነው።

ዜልማ ጭንቅላቱ ጋ ተንበርክካ ቀዳዳውን በባትሪ አየችው። ከዚያ ጣቷን ተሳቢው ላይ አሻሽታ ላሰችው። ዌይድ ፊቱን አጨማደደ።

«ኑ ሁላችሁም» አለች። «ቧንቧው ከአደጋው በፊት ተቆርጦ ቢሆን ቦዩ ውስጥ ውሃ ይጠጣ ነበር። ዘይቱ ግን ንጹሕ ነው። የተቆረጠው ከውሃ ከወጣ በኋላ ነው፤ እዚሁ ግቢ፣ ትናንት ማታ። አልሲድ፣ ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«እናንተ ጋ። ፍራሻችሁ ቁንጫ አለው።»

«ታዲያ ፍሬኑ ለምን አልያዘም?» አለ ዌይድ።

«ማገጃ ስለነበረበት። ባለቀይ ጨርቋ አይደለችም፤ እሷ አልተጫረችም፣ አልተጣመመችም። ሌላ ብሎን ነው፣ ከሥር ወደ ላይ የተሰካ፣ ቆሞ ለሚያይ ሰው የማይታይ። ጀልባዋ ስትገፋ ቀዳዳውን ከታች በኩል ፍቆታል፤ ገና ያብረቀርቃል። ኦቪድ ጨርቋን አይቶ አመነ። ማታ ደግሞ ሰውየው መጥቶ ብሎኑን ነቀለ፣ ቧንቧውን ቆረጠ።»

«የትኛው ሰውዬ?» አለች ኦዳሊ።

«እሱን ፍሬኑ ይነግረናል። ጀልባዋም ተሳቢውም ጨው ደርቆባቸው ነጭ ሆነዋል። አራቱ ፍሬኖችና ጭንቅላቱ ግን በንጹሕ ውሃ ታጥበዋል። ማን አጠባቸው?»



«እኔ ላቃጥለው ጋዝ አስመጥቻለሁ» አለች ኦዳሊ።

«እኔ ለቁራሌው ደውያለሁ» አለ ዌይድ።

«አያችሁ። የሞተ ሰው ተሳቢ ፍሬን የሚያጥበው፣ ነገ እኔ እጎትተዋለሁ ያለ ሰው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ጨው ይብላው?» አለ ቴዮፊል። «በአንድ ሌሊት እኮ ነው ዲስኩን...»

አፉን ዘጋ። ዘግይቷል። እዚህ ዳርቻ ያደገ ሰው ከጨው ውሃ የወጣ ፍሬን ሳያጥብ አይተኛም፤ እጁ ማንንም አያስፈቅድም፣ ባለቤቱንም ጭምር።

«በእጄ አልነካሁትም ብለው ነበር» አለች ዜልማ።

ቴዮፊል ጀልባዋን እንጂ ሰው አላየም። «የአባታችን ናት። ለማያውቃት ሰው ሊሸጣት ነበር። መታጠፊያው ላይ ተሳቢው ይገፋውና ደንግጦ ይመለሳል ብዬ ነው። ድልድዩ እንደሚከፈት በምን አውቃለሁ?»

«ቧንቧውስ?»

በአገጩ ወደ አልሲድ ጠቆመ። «አንድ ሰው መያዝ ነበረበት። እሱን ደግሞ የሚወደው የለም።»

ኦዳሊ ወደ ቴዮፊል ሄደች። የምትመታው መሰለው፤ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ግን ከተቀመጠበት አስነስታ ወጥመዱን ወሰደች። «ይሄ የኦቪድ ነው» አለች።

ዜልማ ካቴናውን ከአልሲድ እጅ ፈትታ ቴዮፊል እጅ ላይ አጠለቀችው። አልሲድ አንጓውን እያሸ ደረቱን ነፋ። ሌሊቱን ሙሉ ያቺን አንዲት ቃል ሲጠብቅ ነው ያደረው።

«ሚስ ኦዳሊ፣ ይቅርታ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።»

ወጥመዱን ታቅፋ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ንጹሕ ነህ ተባለ እንጂ ጥሩ ሰው ነህ ያለ የለም። ውጣልኝ።»