ሰዓት የማይጠራበት መንገድ

«መፍቻውን አቀብይኝ፣ ትልቁን» አለ ጋንሱኽ ከመኪናው ሥር ተኝቶ። ኖሚን በግራሶ የተለወሰው እጁ ላይ አስቀመጠችለት። አጎቷ እኮ ጉድ ነው። ጋራዥ በሌለበት የጎቢ በረሃ መሀል፣ የተሰበረ ባሌስትራ በጣውላና በጠፍር አስሮ ያስኬዳል።

ችግሩ እንግዳቸው ናት። እንግሊዛዊቷ ሚስስ ፔትሪ ነገ ጠዋት አውሮፕላን አላት፤ ጥገናው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ደጋግማ ኖሚንን ጠየቀቻት። የጎቢ ሹፌር ደግሞ መንገድ ላይ ሰዓት አይጠራም፤ ይህን ያህል ይፈጃል አይልም። ከጠራ መንገዱ ሰምቶ ይበቀለዋል ይባላል። ጋንሱኽ እንደዚያ የጠየቀውን ሰው ቀኑን ሙሉ ያኮርፈዋል።

ኖሚን ግን ዘዴ አላት። ከትምህርት ቤት እንግሊዝኛ በጣም የወደደቻቸው ሰዓት ሳይጠሩ ስለ ጊዜ የሚናገሩትን ቃላት ነው። «ሱን» ካልክ ቅርብ ነው፣ ልብ ያሳርፋል። «ፎር ኤ ዋይል» ካልክ ቁጭ በል፣ ይቆያል ነው። «ኢቬንቹዋሊ» ካልክ መድረሱንስ እንደርሳለን፣ መቼ ብለህ ግን አትጨቅጭቀኝ። ክረምቱን ሙሉ ለአጎቷ ስታስተረጉም እንግዳውም ረክቶ፣ መንገዱም ሳይሰማ ነው የከረመው።

አሁን ግን ሌላ መኪና አቧራውን እያቦነነ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ ቶሞር አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ጋንሱኽ፣ ጫማህን ነው እንዴ የምታስረው?»

«ሂድ ወዲያ፣ ያንተ መኪና ራሱ በጸሎት ነው የሚሄደው።»

ቶሞር ስቆ፣ ሴትዮዋ ከፈለገች ከተማ እንደሚያደርሳት ተናገረ። እንግዳዋ ጥላው ከሄደች አስጎብኚ ድርጅቱ ዘንድሮ ጋንሱኽን ዳግም አይጠራውም።

«እውነቱን ንገሪኝ የኔ ልጅ፣ ልጠብቅ ወይስ ልሂድ?» አለቻት ሚስስ ፔትሪ፣ ኖሚን ይህን ስትተረጉምላት።

ኖሚን ቁጢጥ ብላ ወደ መኪናው ሥር አየች። «አጎቴ፣ ሻይ ላፍላ?»

«አፍይ። ሥጋም ቀቅይ።»

ሻይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅርብ ነበር። ሥጋ ከተጣደ ግን ረጅም ነው።

«ሱን» የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ብትላት ሴትዮዋ ትጠብቃለች፤ ምናልባት አውሮፕላኑ ያመልጣታል። ኖሚን ቀና አለች።

«ፎር ኤ ዋይል» አለቻት ቀስ ብላ።

ሚስስ ፔትሪ ትከሻዋን ጨበጥ አድርጋ አመሰገነቻትና ቦርሳዋን አንስታ ወደ ቶሞር መኪና ገባች። መኪናው ሲሄድ ጋንሱኽ ከሥር ተጣራ።

«ኖሚን፣ ምን ብለሻት ነው የሄደችው?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?