የስድስት ሰዓት ፊሽካ

ሟቹ ወደ ቤቱ ከሚያስወጣው የብረት ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ አንድ እግሩ የመጨረሻው እርከን ላይ ተሰቅሎ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጎንበስ ብላ ፊቱን አየችው፤ ከዚያ እጆቹን፤ ከዚያ የጫማውን ሶል። ምንም አልተሰማትም። ባሏን ከቀበረች ሦስተኛ ወሯን ይዛለች፤ ከዚያ ወዲህ ሬሳውም፣ ወንበሩም፣ ምሳውም ለሷ አንድ ሆኖባታል። ከሥራዋ ግን አንድ ቀን አልቀረችም። ሰዉ «ጠንካራ ናት» ይላታል፤ እሷም አታስተባብልም።

ሳጅኑ ማስታወሻውን ገልጦ ይጠብቃት ነበር። ከሷ ጋር ዐሥር ዓመት ስለሠራ ዝም ስትል አብሮ ዝም ማለት ይችልበታል፤ ብዙ ባይቆይበትም።

«ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሰፈሩ ‹ፍሬን የለሽ› ይለዋል።»

«ሲነዳ?»

«ሲከራከር። ሲነዳማ በዕድሜው ድመት ገጭቶ አያውቅም አሉ። ሐኪሙ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ሞቷል ይላል። ማጅራቱ የደረጃው ጠርዝ ላይ አርፏል። ግን ክንዱን እዪው።»

በቀኝ ክንዱ ላይ አራት የጣት ምልክቶች በልዘው ይታያሉ። ሰው ይዞታል፤ ጎትቶታልም። ከቀበቶው ላይ ደግሞ የቁልፍ መንጠቆ አፉን ከፍቶ ባዶውን ተንጠልጥሏል። መርማሪዋ መንጠቆውን በጣቷ ነካ አድርጋ ተወችው።

«ተጠርጣሪውን ይዘነዋል» አለ ሳጅኑ። «ከግቢው አጠገብ ብረት የሚሠራው በያጅ ነው። ትናንት ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ‹መኪናህን ከነነፍስህ ነው የማነሳት› ብሎታል።»

ጠቡ የመኪና ማቆሚያ ጠብ ነበር። መንገዱ ጠባብ፣ መኪናው ብዙ፤ መውጫ መግቢያ ጠፋ። ከሰባት ሳምንት በፊት የነዋሪዎች ኮሚቴ መላ ዘየደና ምልክት ተከለ፦ ጠዋት መኪና ሁሉ በግራ ይቆማል፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ በቀኝ። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን የኮሚቴው ሰብሳቢ ፊሽካውን ይነፋል። ሰውም ምሳውን ጥሎ፣ ጉርሻውን እያላመጠ፣ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ወጥቶ መኪናውን ያዛውራል። አሻፈረኝ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ፍሬን የለሽ አሮጌዋን ሰማያዊ መኪናውን በግራ በኩል ከበያጁ ሱቅ ፊት ለፊት ገትሮ፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ ፍንክች አላደረጋትም። ከሰዓት ለበያጁ ብረት ይዞ የሚመጣው መኪና ማራገፊያ ያጣል፤ ሥራ ይቆማል፤ ስድብ ይጀመራል።

ዛሬ ግን ሰማያዊዋ መኪና ከመንገዱ በቀኝ በኩል ቆማለች።

«ሁሉም በራሱ መኪና ተጠምዶ ሲያዛውራት ያየ ባይኖርም፣ ስድስት ሰዓት ላይ ተዛውራለች» አለ ሳጅኑ። «ስለዚህ በስድስት ሰዓት ሰውየው በሕይወት ነበር። በያጁ እስከ ስድስት ሰዓት ደንበኛ ቤት በር ሲገጥም ነበር፤ ባለቤቶቹ መስክረዋል። ስድስት ከሩብ ላይ ተመልሶ እስከ ሰባት ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነው። በዚያ ሰዓት ሰብሳቢው መንገድ ላይ መዝገቡን ይዞ ሲዞር ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። አብራው የምትኖረው እህቱ ገበያ ነበረች። ማን ቀረ?»

«ጥሩ ነው» አለች መርማሪዋ። «በጣም ጥሩ።»

ሳጅኑ ይህን አነጋገሯን ያውቀዋል። አላመነችም ማለት ነው። ማስታወሻውን ከደነ።

በያጁ በፖሊስ መኪናው ውስጥ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ እጁ በእሳት ፍንጣሪ የተዥጎረጎረ ሰው ነው። መርማሪዋ ገና አፏን ሳትከፍት እሱ ጠየቃት።

«እናቴን ማን ያገላብጣታል?»

«ምን ሆነዋል?»

«ሰውነቷ አይታዘዛትም። ከሱቁ ጀርባ ነው የምትተኛው። በየሦስት ሰዓቱ ካላገላበጥኳት ጀርባዋ ይቆስላል። ከኔ ሌላ ሰው የላትም።»

«ዝተህበታል አይደል?»

«ዝቻለሁ። ሰባት ሳምንት እኮ ነው! ግን ሰው ሲናደድ የሚለውን አያጣም። እንዲያውም የመኪናዋን በር በነፃ ልሥራልህ ብዬው ነበር። የሾፌሩ በር ከውጭ አይከፈትም፤ በጋቢናው በር ገብቶ እየተንፏቀቀ ነው መሪው ጋ የሚደርሰው። ‹ለሌባ መላ ነው፣ አትንካብኝ› አለኝ።» ሳቅ ሊለው ነበር፤ ከዚያ የት እንዳለ ትዝ አለውና ተወው። «ዐቃቤ ሕጉ ነገ ከሰዓት ክስ ይመሠርትብሃል ብለውኛል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው እናቴ አለቀላት።»

ሰብሳቢው ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። የኮሚቴው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ መዝገቡ፣ እርሳሱና ፊሽካው ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። እጁን አጣምሮ እንደ ተፈታኝ ተቀመጠ።

«አምስት ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ‹ነገ በክሬን ትነሳለች፤ ኮሚቴው ወስኗል› አልኩት። ‹እኔንም አብራችሁ ካልጫናችሁኝ አትነሳም› አለኝ። ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ ደርሼ ባይ፣ ቀኝ ቆማለች! ልቡ ተመለሰ ብዬ ደስ አለኝ። ለማጨብጨብ ምንም አልቀረኝም።»

«ሲያዛውር አይተውታል?»

«የለም፤ እኔ ከላይኛው ጫፍ ነው የምጀምረው።»

«ከአምስት እስከ ስድስት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ብቻዬን።» ላብ ፊቱ ላይ ችፍ አለ። «እኔን ነው የሚጠረጥሩት?»

«እርስዎ መኪናዋን ቢያዛውሩ ኖሮ በየት በኩል ይገቡ ነበር?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሾፌር በየት ይገባል? በሾፌሩ በር ነዋ!»

መርማሪዋ አመሰገነችው። ስትወጣ ሰብሳቢው እርሳሱን ከመዝገቡ ጋር እኩል እያደረገ ነበር።

የሟቹ እህት ወደ ስድሳ የምትጠጋ፣ ሳታገባ ከወንድሟ ጋር የኖረች የሆስፒታል ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ ንጹሕ ነው፤ እንዲያውም ከንጹሕ አልፏል። ጠረጴዛው ላይ ካለው መስተዋት ሥር የኮሚቴው ሰባት ማስጠንቀቂያዎች ተዘርግተዋል፤ እጥፋታቸው እንኳ በካውያ ወጥቷል። መርማሪዋ አነበበቻቸው። ሁሉም «ለወንድምዎ ይንገሩልን» ይላሉ።

«ገበያ ነበርኩ» አለች እህትየው። «ከአራት ተኩል እስከ ሰባት። ስመለስ እንደዚያ ሆኖ አገኘሁት።»

«የመኪናው ቁልፍ የት ነው፣ እትዬ?»

«ሚስማሩ ላይ» አለች ዞር ሳትል።

በሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

«እርስዎስ ይነዳሉ?»

«እኔ? መሪ ይዤ አላውቅም። የመኪናዋ ፍሪሲዮን ፔዳል ደግሞ ድንጋይ ነው፤ ረግጠሽው ስትለቂው ጉልበትሽ ይንቀጠቀጣል።»

«ጎረቤት አጽናናዎት?»

«እኔን?» ሴትየዋ ጥያቄው የገባት አትመስልም። «ሰላም የሚለኝ እንኳ የለም። ዳቦ ቤት ስገባ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። በያጁ ብቻ ነው ‹እትዬ፣ እንዴት አደሩ› የሚለኝ።» ቀጥላም «የእናቱ ነገር አያሳስባችሁ። እኔ አገላብጣታለሁ» አለች።

በማግስቱ አምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ መርማሪዋ ሁሉንም ኮሚቴው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ሰብሳቢው፣ እህትየው፣ በካቴና የታሰረው በያጅ፣ መኪና ያላቸው አራት የኮሚቴ አባላትም ነበሩ። ሳጅኑን ጆሮው ላይ አንድ ነገር ብላው ወደ ውጭ ላከችው።

«ትናንት ሁላችንም አንድ ነገር አምነን ነው የጀመርነው» አለች ድምፅዋን ሳትቀይር። «መኪናዋ ስድስት ሰዓት ላይ ከተዛወረች፣ ሰውየው ስድስት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር ብለን። ሰባት ሳምንት ያላዛወረ ሰው ነው። አምስት ሰዓት ላይ እንኳ አላዛውርም ብሏል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን አገኘው?»

«ሰው ይጸጸታል» አለ ሰብሳቢው በቀስታ።

«ይጸጸታል። ግን ቁልፉን ቀበቶው ላይ ነበር የሚያንጠለጥለው። መንጠቆው ተከፍቶ ባዶ ሆኖ አገኘሁት፤ ቁልፉን ደግሞ ቤት ውስጥ ሚስማር ላይ። ያዛወረው እሱ ቢሆን መልሶ ቀበቶው ላይ ያደርገው ነበር። ያዛወረው ሌላ ሰው ነው፤ ቁልፉንም የወሰደው ከሬሳ ላይ ነው። ሰብሳቢው ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ መኪናዋን በቀኝ በኩል መዝግበዋታል። እንግዲያው ሰውየው ከዚያ በፊት ሞቷል። በያጁ ያኔ ደንበኛው ቤት በር እየገጠመ ነበር።»

በያጁ ቀና አለ።

«ቀጥሎ ሰብሳቢውን አሰብኩ። ከአምስት እስከ ስድስት ብቻቸውን ነበሩ። ግን የመኪናዋ የሾፌር በር ከውጭ እንደማይከፈት አያውቁም። ትናንት ስጠይቃቸው ሳያስቡ ነው የመለሱልኝ። ደግሞም ሌላ ሰው ቢሆን ቁልፉን ኪስ ውስጥ ይከታል፣ ወይ ይጥለዋል። ደረጃ ወጥቶ፣ ከበር ጀርባ ሚስማር ፈልጎ አይሰቅለውም።»

ሁሉም ወደ እህትየው መዞር ጀመሩ። እሷ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ግድግዳውን ታያለች።

«እሳቸው እኮ አይነዱም» አለ አንዱ።

በዚህ መሐል ከውጭ ፊሽካ ተነፋ። ረጅም፣ አንድ ጊዜ። ሰብሳቢው ኪሱን ዳሰሰ፤ የሱ ፊሽካ እዚያው አለ። ባለ መኪናዎቹ በአንድነት ወደ በሩ ተመለከቱ፤ ሁለቱ ወንበራቸውን ገፋ አደረጉ፣ ግን መርማሪዋን አይተው ተቀመጡ። ያልተቀመጠች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እህትየው ተነስታ፣ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ትታ፣ በሩ ጋ ደርሳለች።

«የት እየሄዱ ነው፣ እትዬ?»

«መኪናዋን...» አለች፤ መኪናዋ ከትናንት ጀምሮ በቀኝ መቆሟ ያኔ ትዝ ያላት ይመስል፣ እጇ የበሩ እጀታ ላይ እንዳለ ቆመች።

«መንጃ ፈቃድ ካወጡ ሠላሳ ዓመት ሆኖዎታል። ሳጅኑ ዛሬ ጠዋት መዝገቡን አይቶታል። ግን እኔ ያወቅኩት ትናንት ነው፤ ስለ ፍሪሲዮኗ ሲነግሩኝ። ጉልበት ሲንቀጠቀጥ በዓይን አይታወቅም። ያልገባኝ ለምን እንዳዛወሯት ነበር። ገዳይ እንዲህ ዓይነት ነገር ምን ይጠቅመዋል? ከዚያ ትዝ አለኝ። ባሌ የሞተ ቀን ከሆስፒታል ተመልሼ ሸሚዞቹን ተኮስኩ። ስድስት ሸሚዝ። ለማን ነው ብዬ እንኳ ራሴን አልጠየቅኩም፤ የሚተኮሱበት ቀን ስለነበር ነው።»

እህትየው ግንባሯን በሩ ላይ አሳረፈች።

«ስለ ክሬኑ ሰምቼ ከገበያ መንገድ ተመለስኩ» አለች። ድምፅዋ የዳቦ ዋጋ እንደምትናገር ሰው ነበር። «ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹ሰው ፊት መቆም አቃተኝ፤ ቁልፉን ስጠኝ፣ እኔ አዛውራታለሁ› አልኩት። ሳቀብኝ። ክንዱን ይዤ ስስበው ተነሳ፣ እኔም ለቀቅኩት። በቃ፣ ወደቀ። ጠራሁት። አይናገርም። ቆሜ ሳየው፣ ምን ያህል እንደቆምኩ እንጃ፣ ፊሽካው ተነፋ። የሰው መኪና ሁሉ ተነሳ። የኛ ብቻ ቀረች።»

«በያጁን ሲወስዱት ለምን ዝም አሉ?»

«ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ድምፅ አልወጣኝም።» ወደ በያጁ ዞረች። «ከዚያ እናትህን የማገላብጥበት ሰዓት ደረሰ።»

በያጁ ሊሰድባት አስቦ ይሁን ሊያመሰግናት፣ ከነካቴናው ብድግ አለ። ሰብሳቢው በዝምታ ያለቅስ ነበር። እህትየውን ሲወስዷት አንድ ሰው ቦርሳዋን አቀበላት፤ ከማስጠንቀቂያ ወረቀት ሌላ፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ ከዚያ ሰፈር ሰው የሰጣት የመጀመሪያው ነገር ነበር።

በያጁ ጣቢያ ሄዶ መፈረም ነበረበት። መርማሪዋ በሱቁ በኩል አልፋ ወደ ጓዳው ገባች። አሮጊቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ተኝታለች።

«ማን ነው?»

«ፖሊስ ነኝ፣ እማማ። ልጅዎ ተፈቷል፤ ዛሬውኑ ይመጣል።»

«ተመስገን! ተመስገን!» አሮጊቷ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «ያቺ ደግ ሴትዮስ? ስብሰባው ሲያልቅ እመጣለሁ ብላኝ ነበር።»

«አትመጣም፣ እማማ።»

«እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ዛሬም ትናንትም ያገላበጠችኝ እሷ ናት። እጇ ዝንፍ አላለም እኮ። እንደ እንጨት ነበር።»

መርማሪዋ ኮቷን አውልቃ እጅጌዋን ሰበሰበች። አንዱን እጇን ከአሮጊቷ ትከሻ ሥር፣ ሌላውን ከዳሌዋ ሥር አስገባች። ሰውነቷ ይሞቃል፤ ሲያዩት ከሚመስለው በላይ ይከብዳል።

«ቀስ» አለች አሮጊቷ። ከዚያ «ልጄ፣ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለቻት።

መርማሪዋ እጇን አየች። እውነትም ይንቀጠቀጣል። ሦስት ወር ሙሉ የት እንደነበረ የማታውቀው እንባዋ መጣ፤ ሊያስቆመውም የሚችል አልነበረም። አሮጊቷን እያለቀሰች አገላበጠቻት።