ሁለተኛዋ ምስክር

ለወዳጅ ተብሎ የተነገረ ሐሰት ወዳጅን ከቅጣት አያድንም፤ ምንም ያልበደለውን ግን ያጠፋል። እስከዳር ይህን የተማረችው በዐሥራ አምስት ዓመቷ፣ ሊመለስ የሚችል ነገር ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

«ዚፑን ዝጊው፤ ጆሮው ይታያል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ጓደኛዋ ሚስጥር ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አመቻችታ ዚፑን እስከ ግማሽ ሳበችው። ከዚያ በላይ ብትዘጋው ቡችላው ይታፈናል።

አውቶቡሱ ደባርቅ፣ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ቆሟል። ጎህ ሲቀድ ከጎንደር የተነሡት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተማሪዎች በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል እየዘፈኑ መጥተው፣ ወደ ስሜን ተራሮች የሚመራቸው ጠባቂ እስኪሳፈር ይጠብቃሉ። ቡችላው ግን ከዚህ በላይ ሊሄድ አልነበረም። የሚስጥር አባት አቶ አወቀ «ውሻ ከግቢዬ አያድርም፤ ወስዳችሁ ቀሃ ወንዝ ጣሉት» ብለው ስለ ነበር፣ ሚስጥር በድብቅ ያመጣችው ደባርቅ ለምትኖረው አክስቷ ልትሰጠው ነው። ጓደኞቿ ቁርስ ሲበሉ ወደ አክስቷ ቤት ሮጠች፤ በሩ ተቆልፎ አገኘችው። አክስቷ ለለቅሶ ወደ ገጠር መውረዷንም ከጎረቤት ሰማች።

«ለመምህር ንገሪያቸው» አለች እስከዳር። «ቁርስ ቤቱ ውስጥ አደራ ያስቀምጡልሻል።»

«አንቺ ደግሞ አታካብጂ። ለመምህር ከነገርኩ እኮ ማታውኑ አባዬ ጆሮ ይደርሳል።»

ቡችላው ከቦርሳው ውስጥ ሳለ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ በዓይኖቹ ጥግ ቢጫ ፈሳሽ ደርቆ ተጣብቋል። እስከዳር ይህን አይታ ጠይቃት ነበር፤ ሚስጥርም ጉንፋን ነው ብላ አልፋዋለች።

በዚህ መካከል ጠባቂው አያ የሻው ተሳፈሩ። ፊታቸውን ውርጭ ያጠቆረው፣ ጠመንጃቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው የሚቆሙ ረጅም ሰው ናቸው። መምህር ገብረ ኪዳን ከፊት ወንበር ተነሥተው ቦታ ቢለቁላቸውም አልተቀመጡም።

«ይኸውላችሁ ልጆች» አሉ። «እንስሳ አታብሉ፤ ከመንገድ አትውጡ፤ አትጩሁ። ውሻ ደግሞ ከዚህ አያልፍም። ውሻ የያዘ አለ?»

«አያ፣ ሰውአገኝ አለላችሁ» አለ ፊልጶስ ከኋላ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ እየጠቆመ። «ምሳ ሲሸተው ይጮኻል።»

አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። ቡችላው በዚያው ሳቅ ሥር አንድ ጊዜ ሳለ፤ ከሁለቱ ልጆች በቀር የሰማ አልነበረም። አያ የሻውም ፈገግ ብለው «እሱንማ እኔው አስረዋለሁ» ካሉ በኋላ ምክንያቱን አስረዱ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም የትም እንደማይገኝ፣ የመንደር ውሻ ይዞት የሚመጣው በሽታ በአንድ ክረምት የአንድ ሸለቆ ቀበሮ ጠራርጎ ሲጨርስ በዓይናቸው እንዳዩ ተናገሩ። አሁን ጨነቅ በሚባለው ስፍራ፣ ከጅባራው ተክል ሥር የወለደች አንዲት ቀበሮ አለች።

«ወይዘሮ እላታለሁ» አሉ። «ስትሄድ ዘወር ብላ ሰው አታይም።»

እስከዳር ቦርሳውን ተመለከተች። ልትናገር ከንፈሯን ስታላቅቅ ሚስጥር ጉልበቷን ያዘቻት።  ሹፌሩ ዋኘው ሞተሩን አስነሣ፤ እስከዳርም አፏን መልሳ ዘጋች።

መንገዱ በተዘጋባቸው ዓመታት ክበቡ ወደ ፓርኩ መጓዝ አቁሞ ነበርና እስከዳር ይህን ቀን ስትናፍቅ ቆይታለች። ሳንካበር አካባቢ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሣር እየነጨ መንገዱን ሞልቶት አገኙ። ደረታቸው የቀላ ወንዶቹ ጋማቸውን ነፋስ እያማታው አውቶቡሱን ከቁብ ሳይቆጥሩት ተቀምጠዋል። ፊልጶስ ዳቦ ሊወረውር ሲል አያ የሻው ዝም ብለው አዩት፤ ዳቦውን ራሱ በላው። ከጂንባር ወንዝ ማዶ ፏፏቴው ገደሉ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ብቻ ይሰማል፤ መጨረሻውን ጉም ሸፍኖታል። ወደ ጨነቅ ሲቃረቡም ቀንዱ እስከ ጀርባው የታጠፈ አንድ ዋልያ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ታየ። ተማሪዎቹ እንደ ታዘዙት በሹክሹክታ ተጠቋቆሙ፤ የእስከዳር ጆሮ ግን ከቦርሳው አልተነሣም። ያንን ሁሉ ውበት አየችው እንጂ አልተደሰተችበትም።

ጨነቅ ደርሰው ሣሩ ላይ ምሳ ዘረጉ። ብርድ ስለ ነበር ተጠጋግተው ተቀመጡ። ሚስጥር ቦርሳዋን ከድንጋይ ጥግ አኑራ ከውኃው በርሜል እጇን ልትታጠብ ሄደች። መምህር ገብረ ኪዳን ምግቡን ባርከው ሳይጨርሱ አያ የሻው መዳፋቸውን ዘርግተው ሁሉንም ዝም አሰኙ።

ወይዘሮ ከጅባራዎቹ መካከል ወጣች። ቀይ ናት፤ ጉሮሮዋና ሆዷ ነጭ፤ እግሮቿ ቀጫጭን። አፍንጫዋን ወደ ምድር ደፍታ የአይጥ ጉድጓድ እያነፈነፈች፣ ቆም ብላ እያደመጠች፣ አንድ ጊዜም ወደ ሰዎቹ ሳትመለከት ሜዳውን ታቋርጥ ጀመር። የተማሪዎቹ ስልኮች ተነሡ።

ያን ጊዜ ቡችላው ከቦርሳው ወጥቶ ሣሩን እየተንገዳገደ ወደ እርሷ ሄደ።

ሁሉም ያየው ነገር ደስ የሚል ነበር፤ ክፋቱም ይህ ነው። ቀበሮዋ አንገቷን አሰገገች፤ ቡችላው ጭራውን ቆላ። እርሷ ጎንበስ ስትል እርሱ ቀና አለ፤ አፍንጫቸው ተነካካ፤ ዓይኑንና አፉን ለረጅም ጊዜ አሸተተችው። ፊልጶስ እየቀረጸ «ወይኔ፣ ምን ዓይነት ቪዲዮ ነው» ይል ነበር። አያ የሻው አልጮኹም። ጠመንጃቸውን መሬት ላይ ትተው በፍጥነት ተራመዱ፤ ካፖርታቸውን አውልቀው በቡችላው ላይ ጣሉና አቅፈው አነሡት። ወይዘሮ ወደ ጅባራዎቹ ተመለሰች፤ ከዚያም ወደ ልጆቿ።

«የማን ነው?» አሉ ተመልሰው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

ሚስጥር ከበርሜሉ አጠገብ፣ እጇ እንደ ረጠበ መጣች። «የኔ ነው፣ አያ» አለች። «ግን ተከትቧል።»

«ዓይኑስ ምነው?»

«የመንገድ አቧራ ነው።»

አያ የሻው ቡችላውን ለፓርኩ የእንስሳት ሐኪም ማድረስ እንዳለባቸው ለመምህሩ ተናገሩ። ሐኪሙ ደባርቅ ነው፤ ቡችላው በቁጥጥር ሥር ይቆያል፤ ነገሩም በጽሑፍ ለትምህርት ቤቱ፣ ከዚያም ለወላጅ ይደርሳል። ሚስጥር ይህን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። አባቷ ባለፈው ዓመት፣ ሌላ ጥፋት ብታጠፋ ከትምህርት ቤት አውጥተው ሳንጃ ከተማ ካለው የሰሊጥ መጋዘናቸው እንደሚያስገቧት ምለው ነበር። የሚምሉትን የሚያደርጉ ሰው መሆናቸውን እስከዳር ታውቃለች።

አያ የሻው ወደ እርሷ ዘወር አሉ፤ ከቦርሳው አጠገብ የተቀመጠችው እርሷ ነበረችና።

«አንቺ ልጄ፣ ጓደኛዋ ነሽ። ሲከተብ አይተሻል? እውነቷን ነው?»

እስከዳር ሚስጥርን አየች። ቡችላው በካፖርቱ ውስጥ ያስል ነበር።

«አዎ» አለች። «ተከትቧል።»

 በአያ የሻው አገር ደንብ ጠብ የሚታረቀው፣ ድንበር የሚከለለው፣ ነፍሰ ገዳይ እንኳ የሚለየው በሁለት ሰው ቃል ነው። ሁለት ከመሰከሩ በኋላ ሦስተኛ መጠየቅ መስካሪዎቹን ሐሰተኛ ማለት ነውና ነውር ነው።

«እንግዲህ በሁለት ምስክር ነገር ይጸናል» ብለው ቡችላውን ለሚስጥር መለሱላት። መምህር ገብረ ኪዳንም ከተቆጧት በኋላ ጉዳት ስላልደረሰ ወላጅ እንደማይጠሩ ነገሯት። በመልሱ ጉዞ ማንም ብዙ አልዘፈነም፤ የፊልጶስን ቪዲዮ እየተቀባበሉ አዩ።

ጎንደር ከገቡ በኋላ ሚስጥር ቡችላውን ከጎረቤት የማገዶ ቤት ደበቀችው። ሳምንት ሳይሞላው መንጋጋውን እያንቀጫቀጨ መውደቅና መንፈራገጥ ጀመረ፤ ከዚያም ሞተ። ሁለቱ ልጆች ከቀሃ ወንዝ ዳር ቀበሩት። እስከዳር አፈሩን በእግሯ እየደለደለች ለአያ የሻው መደወል እንዳለባቸው ተናገረች። ቁጥራቸው መምህር ገብረ ኪዳን ዘንድ አለ።

«ሳንጃ ነው የምገባው፤ ገባሽ?» አለች ሚስጥር። «መጋዘን ውስጥ ነው የማረጀው። ቀበሮዋ ደግሞ ምንም አልሆነችም ይሆናል። እሺ፣ ፈተናው እስኪያልፍ ብቻ።»

እስከዳር እሺ አለች። ፈተናውን ተፈተነች። የሥነ ሕይወት ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ስለ ብርቅዬ እንስሳት የተጠየቀውን በትክክል መለሰች። ማታ ማታ ስልኳን ስትከፍት የቡችላውና የቀበሮዋ ቪዲዮ ከማታውቃቸው ሰዎች ሳይቀር እየዞረ ይመጣላታል፤ ከሥሩ ሰዎች ልብ ያስቀምጡበታል። አንዱ «ፍቅር እንዲህ ነው» ብሎ ጽፏል። ከፈተናው በኋላም ሚስጥር ሌላ ምክንያት አገኘች፤ እስከዳርም ተቀበለቻት።

አንድ ጠዋት መምህር ገብረ ኪዳን ክፍል ገብተው ሳያስተምሩ ቆሙ። አያ የሻው ደውለውላቸዋል። ወይዘሮ ከአንድ ወንዝ ዳር ሞታ ተገኝታለች፤ ከዋሻዋ ደጃፍም ግልገሎቿ ሞተዋል። ከማዶው ሸንተረር ያሉት ቀበሮዎችም መንገዳገድ ጀምረዋል። አያ የሻው የደወሉት አንድ ነገር ለመጠየቅ ነበር፦ የልጅቷ ቡችላ ደኅና ነው ወይ?

ሚስጥር እጇን አንሥታ ደኅና ነው አለች።

እስከዳር የእረፍት ደወል እስኪደወል አልጠበቀችም። መምህሩን ተከትላ ወጥታ በኮሪደሩ ውስጥ ሁሉንም ነገረቻቸው። መምህር ገብረ ኪዳን ስልካቸውን አውጥተው ደወሉና ሰጧት። አያ የሻው እስክትጨርስ አደመጧት፤ በመካከሉ ነፋስ ይሰማ ነበር።

«ያን ለታ ብትነግሪኝ ሸጋ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «ሌሎቹን የምንከትብበት ጊዜ ነበረን። አሁንማ ምን ላድርግበት?»

እስከዳር ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ እርሳቸው ግን ቀድመው ዘግተውት ነበር። ክትባት ሰጪዎች ወደ ተራራው ወጥተው የቻሉትን ቢያደርጉም በዚያ ሸለቆ የተረፈ ቀበሮ አልተገኘም።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው በርእሰ መምህሩ ቢሮ ተሰበሰበ። አቶ አወቀ ልጃቸውን ሳያዩ፣ ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ተክለው ተቀምጠዋል። የእስከዳር እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ርእሰ መምህሩ ነገሩን ጠቅለል አድርገው አቀረቡ። ሚስጥር ውሻውን ደብቃ አስገብታለች፤ ዋሽታለች፤ ከሞተ በኋላም ደግማ ዋሽታለች።

«እስከዳር ግን ለጓደኛዋ አዝና ዝም ከማለት በቀር ያደረገችው የለም» አሉ። «በኋላም ራሷ መጥታ ተናግራለች። በማስጠንቀቂያ ብትታለፍ ምን ይመስላችኋል?»

የኮሚቴው አባላት ራሳቸውን ነቀነቁ። የእስከዳር እናት እፎይ ስትል ተሰማ። ሚስጥር አንገቷን እንዳቀረቀረች ነበር፤ ለመናገርም የፈለገች አትመስልም። እስከዳር ባለችበት ከመቀመጥ በቀር ምንም አልተጠየቀችም።

ተነሣች።

«ዝም አላልኩም፣ ጋሼ» አለች። «አያ የሻው ጠይቀውኛል። አዎ ብያለሁ። ውሻውን የለቀቁት በእኔ ቃል ነው።»

መምህር ገብረ ኪዳን መነጽራቸውን አወለቁ። እናቷ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ርእሰ መምህሩ የጻፉትን ሰርዘው እንደገና ጻፉ።

ሁለቱም እኩል ተቀጡ፤ ከክበቡ ተሰርዘው ለዓመቱ ከትምህርት ታገዱ። ክበቡ ዳግመኛ ወደ ፓርኩ እንዳይገባ ተከለከለ። አቶ አወቀ ሚስጥርን በማግስቱ ሳንጃ ወሰዷት፤ እስካሁን አልተመለሰችም። እስከዳር በሚቀጥለው መስከረም ዘጠነኛ ክፍልን ከመጀመሪያው ትጀምራለች።