ሠርካዲስ ያልደፋችው ውሃ

ሠርካዲስ ትባላለች። ዕድሜዋ ስምንት ነው፤ ቤታቸው እዚሁ ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ቁልቁል ነው። አባቷ አቶ ፍሰሐ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ክረምቱ ሲገባ ለጦሩ ስንቅ ጭነው ወደ ሰሜን ታዘዙ።

የሄዱ ዕለት ማለዳ በሳፋ ታጠቡ። ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ሰንብቷል፤ የታጠቡት በባዶ ውሃ ነው። ሠርካዲስ «ድፊው» ስትባል አልደፋችም። በዘይት ቆርቆሮ ገልብጣ ጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ደበቀችው። «ይኼ ውሃ እስካለ አባዬ ይመጣል» አለች በልቧ። አትሳቁ! እናንተም የምትደብቁትን አውቃለሁ።

በየቀኑ እየሄደች ታየዋለች። አንድ ቀን ውሃው ውስጥ ቀጫጭን ነገሮች ሲጥመለመሉ አየች። ደስ አላት! የአባቷ ውሃ ነፍስ የዘራ መሰላት።

በሳምንቱ ከቀበሌ ጋሽ ሚደቅሳ መጡ። በየቤቱ እየዞሩ የቆመ ውሃ ያስደፋሉ።

«የኔ ልጅ፣ ጓሮ ያቆረ ውሃ አለ? ቢምቢ የሚፈለፈለው እዚያ ነው።»

«የለም፣ ጋሼ።»

ዓይኗን ሳታሽ ዋሸች!

ጥቂት ቀን ቆይቶ ጎረቤታቸው እትዬ ነፊሳ ሕፃን ልጃቸውን በከርን ታቅፈው መጡ። ፊቱ አባብጧል።

«እይልኝ እስቲ፣ ሀረገወይን» አሏት ለሠርካዲስ እናት። «ቢምቢ በልቶት ዓይኑን መግለጥ አቃተው። እኔ ደጅ ጠብታ ውሃ የለ፤ ከየት ነው የሚመጣብኝ?»

በከር እያለቀሰ የእናቱን ፊት በእጁ ይዳስሳል። እናቱ አቅፈውት ሳሉ አያያቸውም። የሚናፍቁትን ፊት ማጣት ምን እንደሆነ ደግሞ ሠርካዲስ ታውቃለች።

«እትዬ... ከእኛ ነው» አለች። ወስዳ ቆርቆሮውን አሳየቻቸው።

«ጉድ! አሁኑኑ ድፊው!» አለች እናቷ።

«አባዬ የታጠበበት እኮ ነው!»

እናቷ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ፣ «እኔም ናፍቆኛል፣ ልጄ። አባትሽ ግን ይኼን ሕፃን ቢያይ ራሱ ነበር የሚደፋው» አለቻት።

ሠርካዲስ በገዛ እጇ ገለበጠችው። ጭቃው ጠጣው። ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«እትዬ፣ ይቅር በሉኝ። ጋሽ ሚደቅሳንም ዋሽቻቸዋለሁ።»

«ለእሳቸው ሄደሽ ትነግሪያቸዋለሽ» አሉ እትዬ ነፊሳ። «አሁን ነይ፣ ወንድምሽን ያዢልኝ።»

በአራተኛው ቀን በከር ዓይኑን ገለጠ። እናቱን አይቶ ሳቀ። አቶ ፍሰሐ ግን ገና አልመጡም፤ ሠርካዲስ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ በሩ ትሮጣለች።

ልጆቼ፣ ደጃችን ያቆርነው ውሃ የጎረቤትን ልጅ ያስለቅሳልና፣ ምንም ብንናፍቅ፣ ምንም ብንሳሳ፣ ሳንዋሽ እንድፋው።