ሦስቱም ባቄላ ነበሩ

ልጆቼ፣ ፍቅር ሁሉ ሽቶ ሽቶ አይልም። የሥርጉትና የዘሚካኤል ፍቅር የተጀመረው ደም ሲሸት ነው፤ ሊሞት የደረሰው ደግሞ ትውከት ሲሸት። በምን እንደተቋጨ እዚያው ስንደርስ ታሸቱታላችሁ።

ያን ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለፈተና ቡሬ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ነበር። አንዷ ልጅ ከፈተናው ስትወጣ ደረጃው አንሸራተታትና ግንባሯ ተተረተረ። ተማሪው ኡኡ ብሎ ሲበተን ሥርጉት ብቻ ተንበርክካ በነጠላዋ ጫፍ ቁስሉን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ደሙ በጣቶቿ መሐል ሲወርድ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

«ውኃ!» አለች።

አንድ ቀጠን ያለ ልጅ ጠርሙስ አቀበላት፤ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

«ምነው ፊትህን አዞርህ?»

«የሴት ልጅ ጠጉር ተገልጦ አላይም» አለ። «ዲያቆን ነኝ።»

ሥርጉት ፈገግ አለች። ጨዋ ልጅ፣ አለች በልቧ። ነገሩ ሁሉ ከዚያች ፈገግታ ተጀመረ።

ዘሚካኤል ከማንኩሳ በላይ ባለ ገጠር የሚያገለግሉት የቄስ ገብረ ኢየሱስ ልጅ ነው። ክረምቱን በስልክ ተዋደዱ። እሷ የታመመች አክስቷን አልጋ ላይ ስታገላብጥ ያደገች ናትና፣ ፍኖተ ሰላም ወደሚገኝ አንድ የጤና ኮሌጅ ለመግባት ቆርጣለች። እሱ ግን ምን እንደሚማር ሲጠየቅ ወሬውን ወደ ላሞቹ ይወስደዋል። የትኛዋ እንዳነከሰች፣ የትኛዋ ወተት እንደከለከለች ሲያወራ ድምፁ ይሞቃል።

ቄስ ገብረ ኢየሱስ ከባድ ነገር ሲገጥማቸው ሱባኤ ይዘው ዕጣ ያወጣሉ። ዕጣቸው ወረቀት አይደለም፤ እህል ነው። ባቄላው ጤና ኮሌጅ፣ ገብሱ ቡሬ የእንስሳት ሕክምና፣ በቆሎው የሒሳብ ሥራ ተባለ። ልጁ ከየእህሉ አንድ አንድ ፍሬ ቆባቸው ውስጥ ይጨምራል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አንዱን ያወጣሉ።

«ባቄላ ወጣ!» አላት በስልክ። «ሥርጉቴ፣ እግዚአብሔር አንድ ኮሌጅ ጣለን!»

ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች።

ኅዳር ላይ ለልምምድ ጤና ጣቢያ ወጡ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ እግራቸውን ማጭድ ቆርጧቸው፣ በቅጠልና በአመድ አስረውት ሰንብተው መጡ። ጨርቁ ሲፈታ ክርፋቱ ክፍሉን ሞላው። ቁስሉ ውስጥ ትል ይርመሰመሳል።

ሥርጉት አጎንብሳ ትሉን በመቆንጠጫ መልቀም ጀመረች። ዘሚካኤል ሳህን ይዞ አጠገቧ ቆሟል። ድንገት አስመለሰው፤ ሁሉም ጫማዋ ላይ አረፈ።

«ኤዲያ!» አለች የክፍላቸው ተረበኛ ማርያማዊት። «ዲያቆን፣ የበላኸውን ለድሆች እያካፈልህ ነው?»

ተማሪው ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። እግራቸውን ቀስ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ።

«ይቅር በሉኝ ልጆቼ። የኔ ግም እግር ነው። ባልመጣሁ ይሻል ነበር።»

ትሉ ያልቀፈፋት፣ ትውከቱ ያልቀፈፋት ልጅ፣ ይህን ስትሰማ ቀፈፋት።

ቁስሉን አጥባ አስራ ስትወጣ ዘሚካኤል ከጓሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጫማዋ አሁንም ይሸታል።

«ያን ቀን ቡሬ ላይ ፊትህን ያዞርኸው ለጨዋነት አልነበረም» አለችው።

«አልነበረም። የሰው ደም ሳይ ይዞርብኛል።»

«ይህን እያወቅህ ዕጣው ሲወጣ ለምን ዝም አልህ?»

መሬት መሬት አየ።

«ሦስቱም ባቄላ ነበሩ» አለ በመጨረሻ።

«ምን አልህ?»

«ገብስም በቆሎም አልጨመርሁም። አባ ቆቡን ቢያገላብጡት ባቄላ ነው። ካንቺ መለየት አቃተኝ።»

ልጆቼ፣ ሌላዋ ብትሆን «ይህን ያህል ወደደኝ» ብላ ልቧ ይቀልጥ ነበር። ሥርጉትን ግን አንገሸገሻት።

«አባትህ ጾመው ጸልየው ያወጡትን! በእኔ ስም እግዚአብሔርን ልታታልል! እኒያን ሽማግሌስ በገዛ እግራቸው አሳፈርሃቸው። ነገ ተመርቀህ ገጠር ትመደባለህ። ስንቱ ቁስሉን ካንተ ደብቆ ይሙት?»

«እለምደዋለሁ፤ ስለ አንቺ ስል...»

«ስለ እኔ አትበል! ቀፈፍኸኝ። ሳይህ ያቅለሸልሸኛል።»

ዘሚካኤል ዓይኗን አየ። ከዚያ ነጩን ጋዎን አውልቆ፣ አጥፎ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠና ወደ መናኸሪያው ሄደ።

ጫማዋን አጠበችው፤ ሽታው አልለቅ አለ። ከጫማዋ ይልቅ ግን የገዛ ቃሏ ሸተታት። «ቀፈፍኸኝ» ያለችው ምላሷ ላይ እንደ እሬት ቀረ። እሱ አልደወለላትም። እሷም ኩራት ያዛትና አልደወለችም።

አንድ ቅዳሜ የማታውቀው ቁጥር ጠራ።

«ሥርጉት ማለት አንቺ ነሽ? የዘሚካኤል አባት ነኝ።»

ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱ?»

«ይመስገን። ልጄን ተጸየፍሽው አሉ። አልፈርድብሽም። ግን ሰው ተጸይፎ ከመተው በፊት ሁለቴ ማየት ደግ ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ብቅ በይ።»

በማግስቱ ማንኩሳ ወርዳ፣ በታጨደ የበቆሎ ማሳ መሐል አቋርጣ ደረሰች። ከግቢው የላም ማቃሰት ይሰማል። ቄስ ገብረ ኢየሱስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ላሚቱ ምጥ ተይዛ ተኝታለች። ዘሚካኤል ሸሚዙን አውልቆ ክንዱን እስከ ትከሻው ከውስጧ ከቶታል። ደሙ፣ ልሃጩ፣ እበቱ ደረቱን አልብሶታል። ጉንጩን ጭኗ ላይ አስደግፎ እንደ ሕፃን ያባብላታል።

«አይዞሽ እናቴ። አንድ እግሩ ታጥፎ ነው። ያዝሁት... ያዝሁት... አሁን ግፊ።»

ፊቱን ወደ የትም አላዞረም።

ሥርጉት ልትጠጋ አንድ እርምጃ ተራመደች። ሽታው መጣ። ልሃጩ ዝልግልግ ብሎ ከክርኑ ሲንጠለጠል አየች። ወደ አጥሩ ሮጣ ቁርሷን ሁሉ አስመለሰችው።

«እሰይ!» አሉ ቄሱ እየሳቁ። «ተካካሳችሁ!»

አፏን እየጠረገች ተመለሰች። «አባቴ፣ የባቄላውን ነገር ነገረዎት?»

«ነግሮኝ አለቀሰ። ግን ባቄላ ስዘራ ያረጀሁ ገበሬ አይደለሁ? ቆቡ ውስጥ ገብስ እንደሌለ ጣቴ ያኑ ዕለት አውቋል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ጤና ኮሌጅን ይህን ያህል ከወደደ ይሂድ ብዬ ነዋ! የወደደው ኮሌጁን ሳይሆን አንቺን መሆኑን ጣቴ በምን ይወቅ?» ሳቃቸው ቀዘቀዘ። «ደግሞም፣ የላም ሐኪም አባት ከምባል የሰው ሐኪም አባት ብባል ብዬ ጓጓሁ። ልጄ ተዋርዶ ሲመለስ ነው የገዛ ራሴን የተጸየፍሁት።»

ያን ጊዜ ጥጃው ዘፍ ብሎ ወጣ። ዘሚካኤል የጥጃውን አፍንጫ በጣቱ ጠርጎ እስትንፋሱን ሰማና ቀና ሲል ሥርጉትን አያት። ላሚቱ ጥጃዋን መላስ ጀመረች።

«መጣሽ?»

«መጣሁ።»

«አሁንም አስጠላሻለሁ?»

«እጅግ! እበት እበት ትላለህ» አለችው፤ ግን ጆጉን አንስታ ክንዱ ላይ ውኃ ታፈስለት ጀመር።

«ቡሬ የእንስሳቱን ተመዝግቤአለሁ» አላት ቀስ ብሎ። «አባ ራሳቸው ወሰዱኝ። ያለ ዕጣ።»

«ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ሚኒባስ ሞልቷል። ታጥበህ ከመጣህ...»

ዘሚካኤል እጁን እያሸ አጮልቆ አያት።

«ሥርጉቴ፣ ምነው ፊትሽን አዞርሽ?»

ሥርጉት አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ወደ አጥሩ እያየች ውኃውን ማፍሰሷን ቀጠለች።

«የወንድ ልጅ ደረት ተገልጦ አላይም» አለችው። «ጨዋ ነኝ።»