የጫኔ ዋንጫ

ጫኔ ዋንጫውን እንደጨበጠ መደቡ ላይ ደርቆ ሲገኝ፣ የሞላሌ ሰው ያዘነው ለዋንጫው ነበር። ብርዱ ስድብን ከአፍ ሳይወጣ በሚያደርቅበት አገር የጫኔ ስድብ ብቻ ትኩስ እንደሆነ ይደርስ ነበርና።

«ሊመርዙኝ ነው» እያለ ሰውን ሁሉ ሲጠረጥር ኖሮ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው ዋንጫ ከአዲስ አበባ አስመጣ። ዋንጫው የጌታውን መጠጥ ይለምዳል፤ ያልለመደው ሲገባበት «ባዕድ ነገር!» ብሎ ይጮኻል። በጩኸቱ እስከ ሩቋ ከተማ ቀየት ድረስ በግ ይበረግግ ነበር አሉ። ጫኔም የአገሩን ወግ ሻረ፤ ቀጂ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሊቀምስለት ሲል «ዋንጫዬ ይቀምስልኛል፤ አታልከስክስ!» ይላል።

ኢንስፔክተር እስከዳር ስትደርስ ሚስቱ የትምወርቅ ካቴና ገብቶላታል። በዋንጫው አተላ መርዝ ተገኝቷል፤ ጠላውን የጠመቀችው ደግሞ እሷ ናት። ደጅ የቆመው ሰው ቤቱን ከነነፍሷ ለማቃጠል የቀረው ክብሪት ብቻ ነው።

«ዋንጫው ትናንት ጮኸ?»

«ዲዳ ነበር» አለ ጎረቤትየው አፈወርቅ፣ በድንበር ጠብ ከሟች ጋር ሰባት ዓመት የተኮራረፈው። «ጾሙ ሲገባ ግን በጩኸት ጆሯችንን በላው። ያ እብድ ‹ጌሾ በዝቶ ነው፤ ልመደው!› እያለ ይሰድበዋል። ሰንብቶ ዝም አለ።»

«የሚቀዳለትስ?»

«ምንተስኖት» አለች የትምወርቅ።

«ውሸታም!» አለ ምንተስኖት፣ የሟች ታናሽ ወንድም። «ራሷ ናት! እኔ ዋንጫውን ነክቼም አላውቅ!»

እስከዳር፣ ጫኔ ከጾሙ በፊት ዋንጫውን ይዞ ይጠጣበት ከነበረው ከጌታነሽ ጠላ ቤት አንድ ጆግ አስመጣች፤ ዋንጫውንም አሳጠበች። «ሦስታችሁም ተራ በተራ ቅዱልኝ» አለች።

የትምወርቅ ካቴናው ተፈታላትና መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፤ ቀዳች።

«ባዕድ ነገር! ባዕድ ነገር!» አለ ዋንጫው።

«መርዘኛ!» ብሎ ደጁ ተናወጠ። እስከዳር ግን ጭልጥ አደረገችው። ሰዉ እስክትሞት ጠበቀ፤ አልሞተችም።

«ለፖሊስም አሳላፊ ሆንን?» እያለ አፈወርቅም መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ፤ ቀምሶ ቀዳ። ዋንጫው አሁንም ጮኸ።

ምንተስኖት ዓይኑን ከዋንጫው ሳይነቅል ሞላና በሁለት እጁ አቀረበ። እስከዳር አልተቀበለችውም።

«ንጹሕ ጠላ ለዚህ ዋንጫ ባዕድ ሆኗል» አለች። «እንግዲህ የለመደው መርዙን ነው። አንድ ሰው በየቀኑ መራራ ሥር ጥቂት ጥቂት እየጨመረ አለማመደው፤ ጫኔም ጌሾ መሰለው። ትናንት የሚገድለውን ያህል ሲጨመር፣ ዋንጫው የወትሮው ነው ብሎ ዝም አለ። ይህን የሚያደርግ የዘወትር ቀጂ ብቻ ነው።»

«ነክቼው አላውቅም አልኩሽ!»

«ታዲያ ወግህን የት ጣልከው? እነዚህ ቀምሰው ቀዱልኝ። አንተ ይህን ዋንጫ ስትይዝ መዳፍህ መዘርጋት ረስቷል። ዋንጫው ሲለምድ እጅህም አብሮት ለመደ።»

ምንተስኖት ዋንጫውን ከግድግዳው አላተመው። «የአባቴን መሬት ነጥቆ ቀጂ አደረገኝ! ቀዳሁለታ!»

ካቴናው ወደ እሱ ዞረ። አፉ ደርቆ ውሃ ቢለምን ከዚያ ሁሉ ሰው የተነቃነቀ የለም። የትምወርቅ በጣሳ ይዛ መጣች፤ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ቀመሰች።

«እንካ ጠጣ» አለችው። «እኔ እንዳንተ አይደለሁም።»